ቅጅ ወይስ አዲስ ሥራ? የአድናቂዎች ማንጋና የጎንደር ሠዓልያን ትምህርት

የሳይንስ ልብወለድ ተከታታዮችን የሚወዱ ሰዎች ታሪኩን በጃፓን የአሣሣል ዘይቤ፣ በማንጋ፣ እንደገና እየሣሉ ለሌሎች አድናቂዎች ማዳረሳቸው ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። አንድ ተመልካች ለዓመታት የተከታተለውን የጠፈር ታሪክ ይወስድና ለጀግኖቹ አዲስ ፊት፣ ለውጊያው አዲስ ፍጥነት፣ ለመርከቦቹ አዲስ ቅርጽ ይሰጣቸዋል። ያዘዘው የለም፤ የሚከፍለውም የለም። ልማዱ ወደ እኛም ደርሷል። አኒሜ በስልክና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት በጎንደር ፒያሳ፣ የደብተሩን የኋላ ገጾች ትልልቅ ዓይን ባላቸው ተዋጊዎች የሚሞላ ተማሪ ማግኘት አያስቸግርም።

ይህን የሚያዩ ታላላቆች ሁለት ቅሬታ ያነሳሉ። አንደኛው «የሰው ሥራ መገልበጥ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ልጆቹ የራሳቸውን እንዲረሱ ያደርጋል» የሚል ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምርም ከፊልም ሠሪዎች ዘንድ ተመሳሳይ ሥጋት ተሰምቷል። ቅሬታዎቹ የመጡት ከተቆርቋሪነት ስለሆነ በቁም ነገር መመርመር ይገባቸዋል። ምርመራው ግን ወደ ሌላ መደምደሚያ ያደርሰናል። የሌላን ሰው ተከታታይ ታሪክ በአዲስ ዘይቤ መልሶ መሣል ጥበብ የሚያድግበት ደረጃ ነው። ጃፓኖች በዚህ ደረጃ አልፈዋል፤ የጎንደር ሠዓልያንም ከ3 መቶ ዓመት በፊት አልፈውበታል። ዛሬ የጎደለንም ይኸው ደረጃ ነው።

ታሪክ ባሕር ሲሻገር

በሳይንስ ልብወለድ ዓለም እጅግ ከታወቁት ተከታታዮች አንዱ «ስታር ዋርስ» ነው። ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያወጣ፣ ከጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ የ1958 ፊልም ብዙ እንደተማረ ራሱ ተናግሯል። በኩሮሳዋ ፊልም ታላላቆቹ የሚፋለሙበትን ታሪክ የምናየው በሁለት ተራ ገበሬዎች ዓይን ነው። ሉካስ የገበሬዎቹን ቦታ ለሁለት ሮቦቶች ሰጠ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሂሳኦ ታማኪ የተባለ ጃፓናዊ ሠዓሊ ያንኑ የአሜሪካ ፊልም በአራት ቅጽ ማንጋ አድርጎ ሣለው። ይህ ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የኮሚክ ዓለም ትልቅ ክብር ያለውን የአይዝነር ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ከጃፓን ወጥቶ አሜሪካን ዞሮ ወደ ጃፓን ተመለሰ፤ ከዚያም እንደገና አሜሪካ ገባ። በእያንዳንዱ ጉዞ የጨመረው ነገር አለ።

የታማኪ ሥራ ለአሳታሚ በፈቃድ የተሠራ ቢሆንም፣ ለአድናቂ ሠዓሊ ዋናውን የሙያ ትምህርት ይሰጣል። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ፊልም በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ሲዘረጋ ጊዜው ራሱ ይለወጣል። በፊልሙ ላይ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ እይታ በማንጋ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ሊይዝ ይችላል። የመርከብ ፍጥነት በተጠጋጉ መስመሮች ይሣላል፤ ዝምታ ደግሞ ቃል በሌለበት ፍሬም ይታያል። ሠዓሊው የትኛውን ቅጽበት ማስረዘም፣ የትኛውን ማሳጠር እንዳለበት በየገጹ ይወስናል። ስለዚህ መልሶ መሣል የሚጠይቀው የእጅ ቅልጥፍናን ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን እስከ አጥንቱ መረዳትን ይጠይቃል።

ከዚህም የጠለቀ ለውጥ የታየበት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ርዮይቺ ኢኬጋሚ የአሜሪካውን «ስፓይደርማን» ለጃፓን አንባቢዎች ሲሥል ጀግናውን ዩ ኮሞሪ የተባለ ጃፓናዊ ተማሪ አደረገው። ኃይሉና ልብሱ የአሜሪካ ናቸው፤ ጭንቀቱ፣ ትምህርት ቤቱና ኑሮው ግን የጃፓን ወጣት ናቸው። ታማኪ የታሪኩን አተነፋፈስ ለወጠ፤ ኢኬጋሚ የታሪኩን ኑሮ ለወጠ። አድናቂ ሠዓሊ ሥራውን ሲጀምር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። ሁለቱንም ካላደረገ በእጁ የሚቀረው የፀጉር ቅርጽና የዓይን መጠን ለውጥ ነው።

ከ32 ቡድን የተነሣ ገበያ

ጃፓን የዓለምን ልጆች የሚማርኩ ታሪኮች መፍለቂያ የሆነችው በታላላቅ አሳታሚዎች ብርታት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21፣ 1975 በቶኪዮ 32 የሚሆኑ የአድናቂ ቡድኖች በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሟቸውን ትንንሽ መጽሐፎች ይዘው ተሰበሰቡ። የመጣው ሰው 7 መቶ ገደማ ነበር። ኮሚኬት ተብሎ የሚታወቀው ይህ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በአራት ቀን ከ7 መቶ ሺህ በላይ ጎብኚ አስተናግዷል። መጽሐፎቹ ዶጂንሺ ይባላሉ። ብዙዎቹ የታወቁ ተከታታዮችን ገጸ ባሕርያት ወስደው አዲስ ታሪክ የሚፈጥሩ ናቸው። ሠዓሊው ራሱ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሸጣል፤ አንባቢው ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቃል፣ ይተቻል፣ ያመሰግናል።

በሳይንስ ልብወለድ በኩል የአድናቂዎች ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ «ጋንዳም» በደንብ ያሳያል። ይህ የጠፈር ጦርነት ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1979 በቴሌቪዥን ሲጀምር ተመልካቹ ጥቂት ስለነበር ከታቀደለት አጥሮ በ43ኛው ክፍል ተቋረጠ። ታሪኩን ከሞት ያተረፉት አድናቂዎቹ ናቸው። ስለ እሱ ጻፉ፣ ሣሉ፣ የሮቦቶቹን ሞዴል ገጣጠሙ። ከ1981 ጀምሮ ለሲኒማ ተዘጋጅቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አዲስ ክፍል ይሠራለታል።

ከእነዚህ ጠረጴዛዎች የተነሡ ታላላቅ ሠዓልያን አሉ። በዓለም የታወቀው የሴቶች የማንጋ ቡድን ክላምፕ በዶጂንሺ ነው የጀመረው። አሳታሚዎች ይህን ስለሚያውቁ የቅጂ መብት ጥያቄ ማንሣት ሲችሉ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ኅትመቱ ትንሽ ነው፤ ዋናውን መጽሐፍ አይተካም፤ ነገ የሚቀጥሩትን ሠዓሊ ደግሞ ያለ ወጪ ያሠለጥንላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጃፓን የቅጂ መብት ሕግ ሲጠብቅና ዐቃቤ ሕግ ያለ ባለቤቱ አቤቱታ የሚከስባቸው ወንጀሎች ሲበዙ፣ የአድናቂ ሥራዎች ከዚህ ጥብቅ አሠራር ውጭ እንዲሆኑ ተደርጓል። መንግሥትም ገበያውም የአድናቂን ሥራ የጥበብ ችግኝ ጣቢያ አድርገው ቆጥረውታል ማለት ነው።

ከአንትወርፕ የመጣው መጽሐፍ

«የሰው ሥራ መገልበጥ ነው» የሚለውን ቅሬታ በጎንደር ለሚያነሣ ሰው የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው መልስ አላቸው። የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ በኅትመት የተባዙ የሥዕል መጻሕፍት ይዘው ነበር። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1593 በአንትወርፕ የታተመው የጀሮም ናዳል መጽሐፍ ነው። የወንጌልን ታሪክ በ153 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች በተከታታይ ያሳያል፤ በየሥዕሉ ላይ ፊደላት ተቀምጠው ከሥር ካለው ማብራሪያ ጋር ይያያዛሉ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1590ና 91 በሮም የታተመው፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች ያሉበት የዐረብኛ ወንጌል ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ሲነግሡ የካቶሊኮቹ እምነት ተሻረ፤ ብዙም ሳይቆይ መነኮሳቱ ተባረሩ። የሥዕል መጻሕፍቱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ከሁለቱም መጻሕፍት እየተነሡ ብራናም ግድግዳም ሣሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ምንጩንና የጎንደር ዘመን ሥራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝምድናቸውን አሳይተዋል።

ለርእሳችን ዋናው ነገር ሠዓልያኑ ምን እንደለወጡ ነው። በጥቁርና ነጭ መስመር የመጣውን በደማቅ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሞሉት። የአውሮፓው ሠዓሊ ርቀትን ለማሳየት የደከመበትን የሕንፃና የመንገድ ጥልቀት ትተው ሰዎቹን ወደ ፊት አመጡ። ማብራሪያውን በግእዝ ጻፉ። ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት፣ ክፉውን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ከጎን የመሣልን የአገር ደንብ ጠበቁ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በዳበረው ሁለተኛው የጎንደር ዘይቤ ደግሞ ቅዱሳኑ የቤተ መንግሥቱን ባለ አበባ ሐር ለበሱ። እቴጌይቱ በጣና ሐይቅ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የተቀበሉት ታሪክ ውስጥ ራሳቸው ገብተው ቦታ ያዙ። የዛሬው አድናቂ ራሱንና መንደሩን በሚወደው ታሪክ ውስጥ ሲሥል ከዚህ የራቀ ነገር አያደርግም።

የተአምረ ማርያም ነገርም እንዲሁ ነው። ከተአምራቱ ብዙዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ተሰብስበው በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን በአገራቸው የተደረጉትን ተአምራት ጨመሩበት፤ ሠዓልያኑም በተከታታይ ሥዕል አስጌጡት። ታሪክን በፍሬም ከፋፍሎ፣ ከሥሩ ጽሑፍ አኑሮ መተረክ ለእኛ እንግዳ ጥበብ እንዳልሆነ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በ44 ክፍል የሚሣልበት ሸራም ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎንደር የራሷን አጣች ወይ? እንዲያውም በዓለም ሙዚየሞች «የጎንደር ዘይቤ» ተብሎ የሚታወቀው ሥዕል የተወለደው በዚሁ መቀበልና መለወጥ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ራስን የሚያስረሳው መቀበሉ ሳይሆን ተቀብሎ እንዳለ መተው ነው።

ጃፓንን ማየት አዲስ አይደለም

የጎንደር ወጣት ዓይኑን ወደ ጃፓን ማቅናቱ ከአባቶቹ አያርቀውም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ የጃፓን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው መጽሐፍ አበርክተዋል። እነዚህ ሰዎች ጃፓንን የመረጡት የውጭውን ዕውቀት እየወሰደች የራሷን መልክ ስለጠበቀች ነው። ጥያቄያቸው የአገርና የመንግሥት ጥያቄ ነበር። ዛሬ ጥያቄው በሥዕልና በታሪክ በኩል ወደ ወጣቱ ደርሷል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው፦ እንዴት ተወስዶ እንዴት የራስ ይደረጋል?

የተዘለለው ደረጃ

በአገራችን የተጀመሩ መልካም ሥራዎች አሉ። በሰራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን አወጣ። ጀግናው ሥራ ፍለጋ የሚባዝን የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ መጽሐፉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። ቀጥላ ጀግኒቷ «ሐዊ» መጣች። በልብወለድ በኩል ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» ጀምሮ በተከታዮቹ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስና ከስለላ ጋር ያቆራኘ ዓለም ፈጠረ፤ እጅግ ብዙ አንባቢም አገኘ። በፊልም በኩል ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምስ» ዳንኤል ታደሰን በመሪ ተዋናይነት ይዞ ኢትዮጵያን ከዓለም ጥፋት በኋላ የምትታይ ምድር አድርጓታል። በገሃዱ ዓለምም የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10፣ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር መጥቃለች። የወደፊቱን ዓለም የሚያልም ኢትዮጵያዊ ምናብ አለ።

እነዚህ ሥራዎች ግን የተራራቁ ጉብታዎች ናቸው። በአንባቢውና በባለሙያው መካከል ያለው መሸጋገሪያ ስለተዘለለ እያንዳንዱ ደራሲና ሠዓሊ ከዜሮ ይነሣል። መሣል የጀመረ ልጅ በመጀመሪያ ሥራው የራሱን ዓለም፣ የራሱን ጀግና፣ የራሱን ዘይቤ፣ የራሱን አሳታሚ በአንድ ጊዜ እንዲፈጥር እንጠብቅበታለን። የማይቻል ሸክም ነው። የአድናቂ ሥራ ይህን ሸክም ይከፋፍለዋል። ገጸ ባሕርያቱና ዓለሙ ስለተሰጡት ልጁ ጉልበቱን ሁሉ በገጽ አደራደር፣ በእንቅስቃሴና በፊት ስሜት ላይ ያውላል። አንባቢው ታሪኩን ቀድሞ ስለሚያውቅ ሠዓሊው የጨመረውን ወዲያው ይለያል። «ዴርቶጋዳ»ን አንብቦ የጨረሰ ስንት ወጣት ነበር! ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ ከደራሲው ወይም ከወራሾቹ ፈቃድ አግኝተው ምዕራፍ ምዕራፉን በማንጋ ዘይቤ እንዲሥሉ ተበረታትተው ቢሆን፣ ዛሬ በአማርኛ የሚሠሩ የኮሚክ ሠዓልያን ትውልድ በኖረን ነበር።

መለኪያችን ከቅኔ ቤት

መልካሙን የአድናቂ ሥራ ከባዶ ቅጅ ለመለየት መስፈርት ያስፈልጋል። ከውጭ መዋስ አይጠበቅብንም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ የየቅኔውን ቤት፣ ልክና ዜማ ከመምህሩ ይቀበላል። መንገዱን አይለውጥም። ምሥጢሩ ግን የራሱ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ቢደግም አይቆጠርለትም። በዚህ መለኪያ አንድ የአድናቂ ማንጋ ሲቀርብልን የምንጠይቀው «ከማን ወሰድከው?» ብለን ብቻ መሆን የለበትም። «ከወሰድክ በኋላ ምን አዲስ ነገር አየህበት?» ማለት አለብን።

ለጎንደር ሠዓሊ የሚታይ ነገር ሞልቷል። በባዕድ ፕላኔት ላይ የሚሆን ታሪክ ሲሥል የካሊፎርኒያን በረሃ ለምን ይደግማል? ከደባርቅ አልፎ የሚጀምረው የስሜን ገደል፣ በውርጭ ውስጥ የቆመው ጅብራ፣ በአፋፉ ላይ በመንጋ የሚሰማራው ጭላዳ፣ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን አሉለት። የጠፈር ጣቢያ ሲነድፍ የፋሲል ግቢ ክብ ማማዎችና እንቁላል መሰል ጉልላቶች አሉ። የጣሊያን ወረራ ዘመን የፒያሳ ሕንፃዎችም በዘመናቸው «የወደፊቱ» ተብለው የተነደፉ ናቸው። ከድል በኋላ ከተማዋ ወርሳ የራሷ ኑሮ አደረገቻቸው፤ ይህም ታሪክ የሚወጣው ጉዳይ ነው።

የገጹ ሥራም የራሱን መፍትሔ ይፈልጋል። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ የንግግር ክቦቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ ገጹም ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ግሡም ብዙ ነገር በአንድ ቃል ስለሚሸከም ይረዝማል። ክቡ ወደ ጎን መስፋት፣ የፍሬሙም ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ይህን ያልተረዳ ሠዓሊ ፊደሉን አጨማድዶ አንባቢውን ያደክማል። በድምፅ በኩል ግን ታላቅ ሀብት አለን። ማንጋ የሚንቀሳቀሰው በሥዕሉ ውስጥ በጉልህ በሚጻፉ የድምፅና የሁኔታ ቃላት ነው። አማርኛም ዷ፣ ጓ፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ ጭልጥ እያለ በአንድ ቃል ድምፅንም ብርሃንንም ዝምታንም ይሥላል። እነዚህን ቃላት በግእዝ ፊደል ቅርጽ በገጹ ላይ ማስጮህ ጃፓናዊም አሜሪካዊም የማይሠራልን፣ የእኛ ብቻ የሆነ ሥራ ነው።

ሕጉና ወረቀቱ

ፍቅር ከሕግ ነጻ አያወጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን የማባዛት፣ የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የባለቤቱ እንደሆነ ይደነግጋል። ጥበቃውም በመርህ ደረጃ የሥራው አመንጪ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ሠዓሊው የዋናውን ደራሲ ስም በግልጽ ማስቀመጥ፣ ሥራው የአድናቂ መሆኑን መናገር፣ ለሽያጭ ከማሰቡ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የአገራችን ደራስያንና አሳታሚዎችም የበኩላቸው አላቸው። ለአነስተኛ የአድናቂ ኅትመት አስቀድመው የጽሑፍ ፈቃድ ቢሰጡ ከሥራቸው የሚቀነስ የለም፤ አንባቢ ይጨመርላቸዋል። የመብት ጊዜያቸው ያለፈ ቀደምት ሥራዎችና ተረቶች ደግሞ ማንም ሳይሠጋ ሊለማመድባቸው ክፍት ናቸው።

ኅትመቱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ስምንት ወረቀት በሁለት ገጽ ታትሞ መሐሉ ላይ ሲታጠፍና በስቴፕለር ሲመታ 32 ገጽ ያለው መጽሐፍ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ሁሉ ይሠራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ በስልክ ላይ ብቻ የሚኖር ጥበብ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆም አይተናል። ወረቀት ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በኪስ ይሄዳል። በጦርነት ጭንቀት ላደገ ልጅ ደግሞ ያየውንና የፈራውን በሩቅ ፕላኔት ስም የሚናገርበት ገጽ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያስፈልገው እርምጃ በእጃችን ያለ ነው። ትምህርት ቤቶች ለሥዕል ክበብ አንድ ክፍልና አንድ ከሰዓት ይስጡ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪዎች የተማሪዎቹን የታጠፉ መጽሐፎች አንብበው ይተቹ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቁ ሊቃውንት ቀለምና የፊት አሣሣልን ያስተምሩ። ከተማዋም በዓመት አንድ ቀን በፒያሳ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ቦታ ትፍቀድ፤ ቶኪዮም በ32 ቡድን ነው የጀመረችው። ወላጆችም ልጃቸው የሣለውን የጠፈር ተዋጊ ሲያዩ ደብተሩን ከመንጠቃቸው በፊት ታሪኩን እንዲነግራቸው ይጠይቁት። ታሪኩ ውስጥ ከፊልሙ ያልመጣ አንድ ነገር ካገኙ፣ ልጁ ከመገልበጥ ወደ መፍጠር መሻገር ጀምሯል፤ ያን ጊዜ የሚገባው ነቀፋ ሳይሆን ተጨማሪ ወረቀት ነው።